ጥቁሩን ቢራ ከአቦል እስከ በረካ፦ በርሜል ውስጥ የከረመ ኢምፔሪያል ስታውት አቀማመስ

ቺካጎ። ኅዳር። ገና በቅጡ ሳይነጋ አንድ ሊከር ስቶር በር ላይ ተሰልፌያለሁ። አፍንጫዬ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ደንዝዟል። ሰልፉ የስኳር ወይም የዘይት አይደለም። የቢራ ነው። የሥራ ባልደረባዬ «አንዴ ሞክረውና ከዚያ ታማኛለህ» ብሎ ጎትቶኝ መጣሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆሜ አንዲት ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ታቅፌ ወጣሁ።

ማታ ከፍሪጅ አወጣኋት። ትልቅ ብርጭቆ ላይ ገለበጥኳት። ኳስ እያየሁ ብቻዬን ጠጣኋት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየችም። ምን ምን አለችህ ብትሉኝ ያረረ ስኳር፣ በቃ። ጠዋት ስነሳ ራሴ ለሁለት ሊከፈል ደርሷል። ባልደረባዬ ሲጠይቀኝ «ቆንጆ ናት» አልኩት። ዋሸሁት።

ጠርሙሷ ምንም አልበደለችም። አጠጣጡን ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ይህ መጠጥ ስሙ ቢራ ይሁን እንጂ ጠባዩ የቡና ነው። ቁጭ ተብሎ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ በሦስት ዙር ይጠጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አንድ ልዩነት ብቻ አለው። ቡና በየዙሩ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይሄኛው በየዙሩ እየተከፈተ ይመጣል። የሚከፍተው ደግሞ ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ሲሆን አፉን ይዘጋል፤ ሞቅ ሲለው ማውራት ይጀምራል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ እሱን ለማናገር ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ?

ስታውት ጥቁር ቢራ ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ከተቆላ ገብስ ነው። እናቱ ጠላ ስትጠምቅ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። አሻሮ ሲቆላ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ አስታውሱት። እሳቱን ጨመር አድርጋችሁ ገብሱን እንደ ቡና እስኪጠቁር ብትቆሉት ወደ ስታውት ተጠጋችሁ ማለት ነው። ቡናም ቸኮላትም ሳይገባበት ቡና ቡና፣ ቸኮላት ቸኮላት የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። የሐረሩን ሐኪም ስታውት የቀመሰ ሰው ደጃፉ ላይ ደርሷል።

«ኢምፔሪያል» የተባለው በሩሲያ ቤተ መንግሥት ምክንያት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ ሳውዝዋርክ የነበረው የትሬል ጠመቃ ቤት ጠንካራ ጥቁር ቢራ ወደ ባልቲክ አገሮችና ወደ ሩሲያ ይልክ ነበር። ጆሴፍ ፋሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1796 በዕለት ማስታወሻው ላይ ከዚሁ ቤት የወጣ ቢራ መጠጣቱን ጽፏል። ያቀረበለት ሰው ለሩሲያ ንግሥት ተብሎ የተጠመቀ ነው፣ ሰባት ዓመት ይቆያል ብሎታል። ንግሥቲቱ ታላቋ ካትሪን ናት። ሰባት ዓመት የሚለውን ያዙልኝ፤ ማስቀመጥ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

የቡርቦን በርሜሉ ግን የአሜሪካኖች ፈሊጥ ነው። የአሜሪካ ሕግ ቡርቦን የሚባለው ውስኪ አዲስ በሆነና ውስጡ በእሳት በከሰለ፣ ኦክ ከሚባል ዛፍ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ይቀመጥ ይላል። አዲስ የምትለዋ ቃል ናት ቁም ነገሯ። አንድ በርሜል ለቡርቦን የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ እንጨቱ ውስኪ ጠጥቶ የጠገበ ባዶ በርሜል ይተርፋል። የቡርቦን አገር በሆነችው በኬንታኪ ግዛት ይህ በገፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጉስ አይላንድ የሚባለው የቺካጎ ቢራ ፋብሪካ ጠማቂ ግሬግ ሆል ጂም ቢም ከሚባለው የቡርቦን ፋብሪካ ሰው ከቡከር ኖ ጋር አንድ እራት ላይ ተገናኘ። ከዚያ ትውውቅ ስድስት በርሜል አገኘ። ጠንካራ ስታውት ጠምቆ ሞላባቸው። «ቡርቦን ካውንቲ» የሚባለው ቢራ እንዲህ ተጀመረ። አሁን በየዓመቱ ለሽያጭ የሚወጣው ብላክ ፍራይደይ በሚባለው የኅዳር የቅናሽ ገበያ ቀን ላይ ነው። ሌላው ሰው ቴሌቪዥን ሊገዛ ሲጋፋ የቢራ ወዳጁ ሊከር ስቶር በር ላይ ነው።

ቢራው በርሜል ውስጥ ስምንት ወር፣ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከርማል። ሲሞቅ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል። ሲበርድ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ምልልስ ከከሰለው እንጨት የቫኒላ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ከኦኩ ደግሞ ኮኮናት የሚመስል። ውስጥ የቀረው ውስኪም አልኮሉን ከፍ ያደርገዋል። እኛስ ጋኑን በወይራ እናጥን የለ? ያው ነው። ዕቃው ያለውን ለመጠጡ ያወርሰዋል።

መጀመሪያ ሒሳቡን

ብዙዎቹ ከ12 እስከ 15 በመቶ አልኮል አላቸው። 14 በመቶ የሆነች ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 70 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። አምስት በመቶ የሆነ፣ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ተራ ቢራ ውስጥ ያለው 16 ተኩል ነው። አካፍሉት። ያቺ ብቻዬን ያጋደምኳት ጠርሙስ ከአራት ቢራ በላይ ነበረች። ራሴ ለምን እንደተፈለጠ ያኔ ነው የገባኝ።

ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለአምስት ሰው ነው። ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። በስኒ ብትለኩት አንድ ስኒ ምናምን ይሆናል። ያንሳል የሚል እንግዳ አይጠፋም። ተዉት፣ ቶና ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። መኪና የያዘ ካለ ግን በአፍንጫው ብቻ ይሳተፍ። የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ከሽታው ብቻ ግማሹን ያገኛል።

መግዛት

ጠርሙሱ ላይ ሦስት ነገር እዩ። የአልኮል መጠኑን፣ የታሸገበትን ቀን፣ እና ምን እንደተጨመረበት። የመጀመሪያው ስንት ሰው እንደምትጠሩ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ማስቀመጥ ወይም ቶሎ መክፈት እንዳለባችሁ። ሦስተኛው ላይ ቆም በሉ።

ቫኒላ፣ ቡና፣ ኮኮናት፣ የሜፕል ሽሮፕ፣ ቃሪያ ሳይቀር የሚጨምሩ አሉ። ለጀማሪ የምመክረው ምንም ያልተጨመረበትን ነው። የእንጨቱንና የገብሱን ድምፅ ለይታችሁ ሳታውቁ ኮኮናት ከተጨመረበት ብትጀምሩ፣ ኮኮናቱ ከኦኩ ይምጣ ከከረጢት አታውቁም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ሰው። ብላክ ፍራይደይ የሚውለው ጾመ ነቢያት በሚገባበት ሰሞን ነው። ቢራ የጾም ነው ብላችሁ ከገዛችሁ ጽሑፉን በደንብ አንብቡት። አንዳንዱ ስታውት ላክቶስ ይገባበታል። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ጠርሙስ ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ያነበበው። እስከ ገና ድረስ እያያቸው ኖረ።

«ብርቅ» የሚለውን ቃል ደግሞ በጥርጣሬ ያዙት። ፋውንደርስ የሚባለው የሚሺጋን ፋብሪካ ኬቢኤስ የሚል ስታውት አለው። ቡናና ቸኮላት ገብቶበት፣ በቡርቦን በርሜል ሆኖ፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ሥር ባለ የቀድሞ የጂፕሰም ማዕድን ዋሻ ውስጥ ይከርማል። አንድ ሰሞን ሰው ከሌላ ከተማ ነድቶ ሄዶ ይሰለፍለት ነበር። አሁን መደርደሪያ ላይ እንደ ልብ ይገኛል። ሰልፉ ሲጠፋ ወሬውም ጠፋ። ለእኔ ግን ዛሬም ከሚወደሱት ከብዙዎቹ ይሻለኛል። ኢንዲያና ውስጥ መንስተር በምትባል ከተማ ያለው ስሪ ፍሎይድስ ደግሞ ዳርክ ሎርድ ለሚባለው ስታውቱ የራሱ ቀን አለው፤ ያ ቀን እንደ ክብረ በዓል ነው የሚከበረው። ሄዶ ማየቱ ደስ ይላል። ከአየር ባየር ነጋዴ ላይ በአምስት እጥፍ መግዛት ግን አይመከርም። ያለ ፈቃድ መጠጥ መቸርቸር ሕገወጥ ከመሆኑም ሌላ፣ ሰውዬው ጠርሙሱን በጋ ላይ መኪናው ውስጥ አስቀምጦት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ማስቀመጥ

ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ የሙቀት መጠኑ የማይዋዥቅ ቦታ። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ጥሩ ነው። ቤዝመንት ያለው ሰው ታደለ። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እንደ ወይን አይጋደም። ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋው ነው። ከላይ ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ቀን ብርሃን ያገኘዋል።

ይህን የማውቀው በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ቡና የገባበት አንድ ጠርሙስ ለልጄ ክርስትና ብዬ ሦስት ዓመት ያህል ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጥኩ። ቀኑ ደረሰ። እንግዳ ሞልቷል። «ይሄ የሚገኝ ነገር እንዳይመስላችሁ» ብዬ ንግግር አድርጌ ከፈትኩት። የልጄ ክርስትና አባት አሸተተና «ቃሪያ አለው እንዴ?» አለ። አሸተትኩት። እውነትም አረንጓዴ ቃሪያ፣ አሁን ከፍሬው የተሰነጠቀ። ቡና የገባበት ስታውት ሲያረጅ የሚያመጣው ሽታ ይህ ነው። ቡናው ይሄድና ቃሪያው ይቀራል።

ስለዚህ ቡና የገባበትን በወራት ውስጥ ጠጡት። ቫኒላና ኮኮናትም ይደበዝዛሉ። ምንም ያልተጨመረበት ግን ዓመታት ይችላል። ቡርቦን ካውንቲ ጠርሙሱ ላይ እስከ አምስት ዓመት ድረስ እየበሰለ ይሄዳል ብሎ ያትማል። የሠዓሊው ሰባት ዓመትም ያን ያህል የተጋነነ አልነበረም። ሲቆይ ምሬቱ ይለዝባል፣ የአልኮሉ ማቃጠል ይረጋል፣ ዘቢብና ተምር የሚመስል ነገር ይመጣል። ሲበዛ ደግሞ የረጠበ ካርቶን መሽተት ይጀምራል። የእኔ ምርጫ ሁለት ዓመት ነው። ከተቻላችሁ ሁለት ግዙ። አንዱን ዛሬ፣ አንዱን የዛሬ ሁለት ዓመት ክፈቱ። የመጀመሪያውን ስትቀምሱ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አለበለዚያ ማወዳደር የለም።

ቤቱንና ብርጭቆውን ማሰናዳት

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ይቸገራል። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ቡና ሲቆላ ይህን ቢራ መቅመስ አይቻልም። አፍንጫ አንድ ነው። ቡናው ከቢራው በኋላ ይሁን። ሽቶ የተቀባ እንግዳ ካለ ጫፍ ላይ ይቀመጥ። አትንገሩት፣ ብቻ ጫፍ ላይ አስቀምጡት።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ለኮኛክ የሚሆነው ክብ ብርጭቆ ወይም ቱሊፕ የሚባለው ነው ትክክለኛው። ከሌለ የቀይ ወይን ብርጭቆ ይበቃል። ብርሌ ሞክሬያለሁ። ሽታውን እንደ ብርሌ የሚሰበስብ የለም፤ ችግሩ አንገቱ ውስጥ አፍንጫ አይገባም። የሳሙና ሽታ እንዳይኖርበት በደንብ አለቅልቁት። በወጥ ቤት ፎጣ አታድርቁት፤ ራሱ ይድረቅ።

አጠገባችሁ የማይቀዘቅዝ ውኃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ ይኑር። ሆድም ባዶ አይሁን፤ ቀደም ብላችሁ ብሉ።

ጠርሙሱን መክፈት

ከመክፈታችሁ ግማሽ ሰዓት ወይም አርባ ደቂቃ ቀድማችሁ ከፍሪጅ አውጡት። ስትነኩት ቀዝቀዝ ይበል እንጂ እጅ አያሳምም። አሥር ዲግሪ አካባቢ ነው የምንፈልገው።

አንዳንዱ ቆርኪው በሰም ተነክሮ ይመጣል። ሰሙን በቢላ ልላጥ ብሎ ጣቱን የቆረጠ ሰው አውቃለሁ። አትላጡት። መክፈቻውን በሰሙ ላይ ጫን አድርጋችሁ ቆርኪውን ከነሰሙ አንሱት። ፍርፋሪውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ብርጭቆውን አዘንብሉና በቀስታ ቅዱ። መጨረሻ ላይ ቀጥ አድርጋችሁት ጥቂት አረፋ አስነሱ። አረፋው ነጭ አይደለም፤ የማኪያቶ ቀለም አለው። ቶሎ ቢጠፋ አትደንግጡ። አልኮሉ ስለሚበዛና ጋዙ ስለሚያንስ ነው። ከጠርሙሱ ሥር አተላ ካለ እዚያው ተዉት። የሚጎዳ አይደለም፤ ግን ያደፈርሳል።

አቦል

አትጠጡ። መጀመሪያ እዩ። ብርጭቆውን ወደ መብራት አንሱት። ብርሃን ካለፈበት የተጠረጠረ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ቢታይ ይታለፋል። አንዴ አሽከርክሩትና ግድግዳው ላይ የሚወርደውን ተመልከቱ። እንደ ዘይት እየተጎተተ ይወርዳል፤ ብርጭቆው ላይ ቡናማ ቀለም ጥሎ የሚያልፍም አለ።

ከዚያ አሽትቱ። አፍንጫችሁን አንዴ ነክራችሁ በረጅሙ አትሳቡ፤ አልኮሉ አፍንጫችሁን ያደነዝዘዋል። ብርጭቆውን አገጫችሁ ጋ ይዛችሁ፣ አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ፣ በአጭር በአጭሩ። ከዚያ ቀረብ አድርጉት። አቦል ላይ የሚመጣው የተቆላው ነው። ቡና፣ ጥቁር ቸኮላት፣ ጠርዙ ያረረ ዳቦ። ውስኪው ገና ሩቅ ነው።

አሁን ፉት በሉ። የማንኪያ ያህል። አትዋጡት፤ ምላስና ድድ ላይ አዙሩት። የመጀመሪያዋ ፉት ለምላስ ሰላምታ ናት፤ ፍርድ አይሰጥባትም። ሁለተኛዋ ላይ ክብደቱን አስተውሉ። ውኃ ውኃ ይላል ወይስ እንደ ማር ይጎትታል? ከዋጣችሁ በኋላ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። ብዙው ሽታ በዚህ በኋላ በር ነው የሚገባው። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ደስታዬ ነው።

ከብርጭቆው ሲሶውን ከጠጣችሁ አቁሙ። አስቀምጡት። አውሩ።

ቶና

ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ብርጭቆው ካልሞቀ በመዳፋችሁ እቀፉት፤ ልክ ብርድ ቀን ስኒ እንደምትይዙት። ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚናገረው።

እንደገና አሽትቱ። አሁን በርሜሉ መጥቷል። ቫኒላ መጀመሪያ ይመጣል። ከሥሩ ካራሜል፣ ሞላሰስ፣ ኮኮናት። ውስኪው ድምፁ ተሰማ። አንዳንዱ ላይ ትምባሆ፣ ቆዳ፣ የደረቀ ፍራፍሬ። ይህን ሁሉ ካላገኛችሁ አትጨነቁ፤ ሌሎች በጻፉት ዝርዝር አትፈልጉት። በራሳችሁ ቃል ጥሩት። ባልደረባዬ «ግራሃም ክራከር» ሲል (የአሜሪካኖች ብስኩት ነው) እኔ ግራሃም ክራከር በልጅነቴ አልበላሁም። እኔ የማስታውሰው ከምጣድ የወረደ ሙቅ ቆሎ ነው። ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር ነበር የምናወራው። ስላሸተታችሁት ነገር የመንደራችሁን ቃል ስትናገሩ ነው ሌላውም አፉን የሚፈታው። ይህ የቅምሻው ትልቁ ደስታ ነው ባይ ነኝ።

ስትጠጡት ሦስት ነገር ጠይቁ። ጣፋጩን የሚያቆመው ነገር አለ? የተቆላው ምሬት፣ ጌሾ ለጠላ የሚያደርገውን እዚህ የሚያደርገው ሆፕ፣ እና የእንጨቱ መድረቅ ጣፋጩን ካልያዙት መጠጡ ሽሮፕ ይሆናል። ውስኪውስ ከቢራው ተዋህዷል ወይስ ላይ ላይ ተንሳፏል? ጥሩ የከረመ ስታውት ላይ የት ጋ ቢራው አብቅቶ የት ጋ ውስኪው እንደሚጀምር አይታወቅም። ሦስተኛው፣ ከዋጣችሁ በኋላ ምን ይቀራል? ሰዓት ያዙ። ደህናው ደቂቃ አልፎም አፍ ውስጥ ነው።

ድድና ጉንጭ የሚያደርቅ ስሜት ከበዛ፣ ያልበሰለ ሙዝ እንደበላችሁ ከሆነ፣ በርሜል ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይቷል። ብዙ ወር ማለት የተሻለ ማለት አይደለም። እኔ ጠማቂዎች «18 ወር» ብለው በትልቁ ሲጽፉ እጠነቀቃለሁ።

የሚበላ ካቀረባችሁ አሁን ነው ጊዜው። ጥቁር ቸኮላት ሁሉም ይላል። እኔ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ እመርጣለሁ፤ ጨውና ጣፋጭ ሲገናኙ ሁለቱም ይነሳሉ። ቫኒላ አይስክሬም ላይ አንድ ማንኪያ ቢራ ማፍሰስም ይቻላል፤ ልጅ ካለበት ቤት ብቻ ሳህኑን አታቀላቅሉ። ዶሮ ወጥ ግን በጭራሽ። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል። ምላስ ከነደደ በኋላ የአሥር ዶላሩም የመቶ ዶላሩም አንድ ነው። ዶሮውን ቀደም ብላችሁ ብሉና አፋችሁ ይረጋጋ።

የተበላሸውን ማወቅ

ውድ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድ ታዋቂ ፋብሪካ የወጡ አንዳንድ በርሜል የከረሙ ቢራዎች ኮምጥጠው ለገዢዎች ገንዘብ ተመልሷል። እንጨት ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ባክቴሪያ ይደበቅበታል። አቼቶ አቼቶ ካለ ወይም እንደ እርጎ ከኮመጠጠ ተበላሽቷል። አሴቶን ከሸተተ ጠመቃው ላይ ሞቆበታል። የሲኒማ ፈንዲሻ ቅቤ ከሸተተ እሱም ጉድለት ነው። ሶያ ሶስ የሚል ጨዋማ ጣዕም ከመጣ እርሾው ሞቶ ቆይቶበታል ወይም ቢራው አርጅቷል። የሚገርመው ሰው ይህን ሁሉ ጠጥቶ «ውስብስብ ነው» ይላል። የከፈለውን እያሰበ ነዋ! እናንተ የኮመጠጠውን ኮምጥጧል በሉ።

በረካ

የመጨረሻዋን ሲሶ ቢያንስ ሌላ ግማሽ ሰዓት አቆዩዋት። አሁን የክፍሉ ሙቀት ላይ ደርሳለች። እዚህ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም። ደካማው ስታውት በረካ ላይ ይጋለጣል፤ አልኮሉ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ጣፋጩ ያስጠላል። ጠንካራው ደግሞ ይሰክናል። ዘቢቡ፣ ተምሩ፣ አሮጌው እንጨት የሚመጣው አሁን ነው። አንዳንዴ አቦል ላይ የናቅኩትን በረካ ላይ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

አንድ ሁለት ቃል ጻፉ። ቀኑን፣ የታሸገበትን ቀን፣ ማን ማን እንደነበረ። ነጥብ መስጠት አልወድም፤ ከዓመት በኋላ «8.5» የሚል ቁጥር ምንም አያስታውሰኝም። «ቃሪያ» የሚለው ግን ክርስትናውን ከነእንግዶቹ ያመጣልኛል።

ጠርሙስ ውስጥ የተረፈ ካለ ቆርኪውን መልሳችሁ በላስቲክ አጥብቃችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። በማግስቱ ጋዙ ትንሽ ቢቀንስም ይጠጣል። ሦስተኛው ቀን ላይ ለኬክ ነው የሚሆነው።

ብርጭቆውን ግን ወዲያው አትጠቡት። ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ተዉትና ጠዋት አሽትቱት። ቢራው ሄዶ እንጨቱ ብቻ ይቀራል። እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ አንድ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ተነሳች። ኩሽና ስገባ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አገኘኋት። እሷ መጠጥ አትቀምስም።

«ይሄ ውስጥ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ቢራ።»

«ውሸታም። የታጠነ ጋን ነው የሚሸተው።» አለችና አጠበችው።